ወጪ ንብረት

የዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው፤
አራት ዓምድ አለው፣ በሰማያዊ ቢክ የተሰመረው፦
ቀን፤ የሟች ስም፤ ወጪ ንብረት፤ የተመለሰው።
ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ምሰሶና ሳፋ፣
ጀነሬተር አንዲት፣ ጭሷ የሚከረፋ።

ያቺን ጀነሬተር የካ አባዶ ያውቃታል።
ድምጿ ከተሰማ ሰው ሁሉ ይወጣል፣
ነጠላ ዘቅዝቆ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ «ማን ነው?» ይላል።
ኳስ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ሳይቀር
ኳሷን ረግጠው ይዘው ጸጥ ይሉ ነበር።

አንዳርጌ፣ ሴራሚክ ነጣፊው፣ አራተኛ ፎቅ ያለው፣
የሦስት ወር ልጅ አለችው፤ ስሟም ህሊና ነው።
ልቧ ላይ ቀዳዳ። ሐኪሙ በእስክሪብቶ
አሳይቷቸው ነበር፣ ወረቀት ላይ ክብ ሠርቶ፦
«ይቺን ነው የምታህል፤ የምስር ፍሬ ናት።»
የቀዶ ጥገና ተራ፣ ሠላሳ አንደኛ ሰጧት።
እስከዚያ ማሽን አለ፣ ኦክስጅን የሚሰጣት፤
ረውዳ ናት፣ የዕቁብ ዕጣዋን ለምና አስቀድማ፣
ከመርካቶ ያመጣችው፣ ታክሲ ላይ አቅፋ፣ ተሸክማ።
ማሽን መብራት ይሻል። መብራት በእኛ ሰፈር
እንደ ፈሪ ባል ነው፤ ዝናብ ሲያይ የሚሰወር።

ማክሰኞ ለረቡዕ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሄደ።
የሚስቱ የውዴ ጩኸት ደረጃውን ወረደ፦
«ህሊና ትንፋሽ አጠራት! ሰው የለም ወይ? ሰው!»
የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ወጣሁ፤ እግሬ ባዶ ነው።
በአንድ እጄ ቁልፉን፣ በአንዱ መዝገቡን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤
አንቀጽ ሰባትን በልቤ ደገምኩ፦
«የዕድሩ ንብረት ከሞት በቀር ለሌላ አይወጣም።»
ለጉባኤው ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ አንድም ሰው አልተቃወመም።

ሻምበል ወርዶፋ ደረሰ፣ በፒጃማ፣ ካፖርት ደርቦ፤
ሊቀ መንበር ነው። ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ፣ ቀርቦ።
«ምን ትጠብቃለህ?» አለ።
«እስክትሞትልህ?»
የምመልሰው የለ።

በሩ ተከፈተ።
አራት ጎረምሳ አወጧት፤ ገመዱ ግን አጠረ፤
ከየቤቱ ማራዘሚያ መጣ፣ ተቀጣጠለ፣ ታሰረ፣
ከእጅ ወደ እጅ ወጣ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ መሐል፣
እማማ ዘርትሁን ለኪሮስ፣ ኪሮስ ለላይኛው ቤት ሲያቀብል።
በውሃ ተራ ተኳርፈው ሁለት ዓመት የተዘጋጉም
ያን ጊዜ ተቀባበሉ፤ አልተነጋገሩም።

ለሦስተኛ ሲስቧት ጮኸች፣ እንደ ልማዷ።
ከላይ ውዴ ዋይ አለች፣ ልጇን አቅፋ ከጓዳ።
ያን ድምፅ ማን ሌላ ትርጉም ሰጥቶት ያውቃል?
ሴቶቹ ወረዱ፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል።
«ማን ነው? ማን ነው?»
«ማንም።
ማንም አልሞተም» አልኩ። «ህሊና ትተነፍሳለች።»
አንዲት ሴት ነጠላዋን ፈታ፣ ገልብጣ ለበሰች።
ሌላዋም ቀጠለች።
በባትሪ ብርሃን ጥለቱ ከአንገት ወደ እግር ሲወርድ አየሁ፤
ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁ።

ሲነጋ ሻምበል፦ «ጻፍ፤ ደንብ ደንብ ነው» አለኝ።
ወጪ፦ ጀነሬተር አንድ። ሁለተኛው ዓምድ ግን ያዘኝ።
«የሟች ስም» ይላል።
«የሟች» የምትለውን በቢኩ ሰረዝኳት፤
«ስም» ብቻ ቀረች፤
ህሊና አንዳርጌ ብዬ ከሥሯ ጻፍኳት።

አሁን ሦስት ሳምንት ሆነ። ተራዋ አሥራ ዘጠኝ ደርሷል።
ቤንዚኑ በየደረጃው ተደልድሏል፤ አንዳንዱ ይረሳል፣
አንዳንዱ ሁለቴ ያመጣል።
ማታ ስትጮኽ ማንም ወደ በረንዳ አይሮጥም፤
ዝም ስትል ነው የምንነቃው፤ ያኔ ማንም አይተኛም።
የተመለሰው በሚለው ዓምድ ምንም አልጻፍኩበትም።
ይቆይ።